የወተት ወንፈል

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሜሮን ለምሳ ከቢሮዋ ስትመጣ በሩ ላይ አቅፋ ሳመችኝ፣ አንድ ሽታም አፍንጫዬን ያዘው። ሽቶ አይደለም፤ ሽቶዋንማ ገና መታጠፊያው ላይ ሳለች ነው የማውቀው። ሸሚዝ ላይ ፈስሶ ሊደርቅ የጀመረ ወተት ነው። ነጭ ሸሚዟ ከፊት ሁለት ቦታ ረጥቦ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ እንደ ጋሻ ይዛለች። «ምነው ልጄ?» ብላት «ስብሰባው ረዘመ እማማ» አለችና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሕፃኗን ከእናቷ ከልጄ ከብርቄ እጅ ተቀብላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሕፃኗ የምትውጥበት ድምፅ ጆሮዬ ሲገባ እኔ እዚያ ቤት ውስጥ አልነበርኩም። ተልባ ሸተተኝ፤ አዲስ ጆንያ ሸተተኝ። ሰማንያን ያለፈ ሰው እንዲህ ነው፤ ገላውን ወንበር ላይ ትቶ ሳይሳፈር ይሄዳል። ደግነቱ ለዚህ መንገድ ታሪፍ አልወጣለትም።

ያኔ አሰላ ማለት ከላይ የጭላሎ ተራራ፣ ከታች ጭቃ፣ መሃል ላይ ደግሞ አንድ መንገድ ነበረች። መንገዱን ጣሊያን ጀመረው፣ ዝናብ ጨረሰው ይሉ ነበር። ጋሪ ከላይ ሰፈር እስከ ታች ገበያ በአሥር ሳንቲም ያደርሳል፤ ክረምት ሲሆን ግን ተሳፋሪው ወርዶ ጋሪውን ይገፋል፣ ዋጋው ያው አሥር ሳንቲም ነው። ሻይ ቤቱ ሬዲዮ ነበረው፤ ባለቤቱ ሻይ ሳያዝ የሚያዳምጥ ሰው ካየ ድምፁን ይቀንሰዋል። ዘፈኑ መሃል ላይ ሲደርስ ዝም ይልብሃል፤ የቀረውን ለመስማት አምስት ሳንቲም ማውጣት ነው። እኔ ከዚያ ሰውዬ የተማርኩትን ንግድ ከማንም አልተማርኩም። ልብሳችን የአቡጀዲ ቀሚስ ነው፤ የደላት ከላዩ ሹራብ ትደርባለች። የጭላሎ ብርድ ግን ሹራብ አይቶ አይመለስም። ኮንጎ ጫማ የመጣ ሰሞን ደግሞ ከተማው ሁሉ እግሩን እያየ ሲሄድ እርስ በርሱ ይጋጭ ነበር። አሁን ስልኩን እያየ ይጋጫል።

ከመንገዱ በታች በኩል የአቶ በቀለ የእህል መጋዘን ነበረ። የሳጉሬ ስንዴ፣ የጮሌ ተልባና ገብስ፣ አንዳንዴም የኦጎልቾ ጤፍ እዚያ ይገባና ተለቅሞ፣ ተበጥሮ፣ በኤን ትሬ የጭነት መኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ለቃሚዎቹ እኛ ሴቶች ነን። በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት እንቀመጣለን፤ ሰፌዳችን ጭናችን ላይ፣ ጆንያው በጎናችን። ክፍያው በቀን ሳይሆን በጆንያ ነው። ጆንያውን ያልሞላች ሴት ሆዷን አትሞላም። ከኛ እኩሌታው የሀገሩ የአርሲ ሴቶች ናቸው፣ እስላሞች፤ እኩሌታው እንደ እኔ አያቶቻቸው ከሸዋ የመጡ ክርስቲያኖች። ስንጣላ በአማርኛ፣ ስንስቅ በኦሮምኛ፣ ተቆጣጣሪያችን ካቦው ሲመጣ ደግሞ በዓይን እናወራለን። አቧራው ጉሮሯችንን ሲዘጋው አንዷ ታነሳለች፣ ሌላው ይቀበላታል፤

ፍሬው ለመኪናው፣ ገለባው ለነፋስ፣
ለኔ አቧራው ደረሰኝ፣ ቀን ሙሉ ለማስነጠስ።

ካቦው ደምሴ ይባላል። ከሌላ አገር መጥቶ ዓመት ያልሞላው፣ ኦሮምኛ የማያውቅ፣ ለማወቅም ያልቸኮለ ሰው ነበር። ሁልጊዜ ጆንያ መውጊያዋ ከእጁ አትለይም። ይህቺ ጫፏ የሾለ፣ ውስጧ ባዶ የሆነች ብረት ናት፤ ጆንያው ሆድ ውስጥ ሻጥ አድርጎ ሲያወጣት እህሉን ይዛ ትመጣለች፣ ሳይፈታው ያየዋል። እኛ ስናጉረመርም ያቺኑ ብረት መዳፉ ላይ እያንኳኳ «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ!» ይላል። ሌላ ተረት የሚያውቅ አይመስለኝም። በሩን ጠዋት ይቆልፈዋል፤ ለምሳ ስንወጣ ተሰልፈን፣ ተፈትሸን ነው። ከመካከላችን እጇ የማያርፍ ሴት አልነበረችም ብዬ አልዋሽም፤ እፍኝ ተልባ በመቀነቷ ይዛ የምትወጣ ነበረች። ካቦ ግን የሚፈትሸው ሌባዋን ሳይሆን ሁላችንንም ነው።

በዚህ ጊዜ ነው ብርቄን የወለድኩት። አሁን የልጅ ልጅ የምታቅፈውን፣ ጠጉሯ ከእኔ ቀድሞ የሸበተውን ብርቄን። ባሌ ታደሰ የመኪና ረዳት ነበር፤ እኔ ገና አራስ ሳለሁ ሳጉሬ ላይ ጆንያ ሲጭን ከላይ ወድቆ እግሩን ሰበረ። ወጌሻ አሰረውና ቤት ተኛ። በቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው ተኝቶ አንድ አራስ ብቻ ቆማ የምትሄድ ሆነች። ክርስትናው እንዳለፈ ሰፌዴን አንስቼ ተመለስኩ። ሕፃኗን ለታደሰ ትቼ ነው የምሄደው። ያኔ ወንድ ልጅ ታቅፎ ታየ ማለት መንደሩ ሳምንት ሙሉ የሚስቅበት ወሬ ነበር። «ታደሰ፣ ጡትህ ወረደ ወይ?» እያሉ በአጥር ላይ ይጠይቁታል። እሱም «ገና ነው፣ እስኪወርድ ያንተን ሚስት ላክልኝ» ይላቸዋል። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማረው።

ሳቁ ግን ከአጥሩ አያልፍም። ብርቄ የላም ወተት አልቀበል አለች። በጣት ቢቀባላት ትተፋለች፣ በማንኪያ ቢሰጣት ያንቃታል። እኔ ወደ ቤት የምሮጠው ለምሳ ነው፤ ካቦ ሲፈትሽ ግን ሰልፉ ከዕረፍቱ ይረዝማል። የላይ ሰፈርን ዳገት ወጥቼ፣ ቆሜ አጥብቼ፣ ስመለስ በሩ ተቆልፎ ያገኘሁባቸው ቀናት አሉ። የቀረሁ እንደሆነ ደግሞ ጡቴ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ከጆንያው ጀርባ ሄጄ በጣሳ አልቤ መሬት ላይ አፈሳለሁ። ልጄ ተርባ እያለቀሰች ምግቧን አፈር ላይ ማፍሰስ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው መንገር አልችልበትም። ብርቄ እየቀለለች መጣች። ታደሰ ማታ ማታ «ዛሬ ብዙ አላለቀሰችም» ይለኛል፤ እሱ እንደ ደህና ዜና ነው የሚነግረኝ፣ እኔ ግን ለማልቀስም ጉልበት እንዳጣች ነው የሚገባኝ። ሥራውን ብተው ሦስታችንም እንራባለን፤ ባልተወው እሷ ትሄድብኛለች።

ከጎኔ የምትቀመጠው ሴትዮ አዴ ከዲጃ ትባላለች። አዴ ማለት በኛ አገር እናት ማለት ነው። ብዙ የወለደች፣ ብዙ የቀበረች፣ አጭር ሴት ናት፤ ስትስቅ ትከሻዋ እንጂ አፏ አይስቅም። ነገሬን ሁሉ ታያለች። አንድ ቀን ደረቴ ላይ የማደርገው ጨርቅ ርሶ ሲንጠባጠብ አይታ ከነጠላዋ ላይ ቀደደችና እጥፍጥፍ አድርጋ ሰጠችኝ። «ወፈር ያለ ይሻላል፣ ብርዱም እንዳይገባሽ» አለችኝ። ጣጣውን ያመጣው ይሄው የእሷ ደግ ጨርቅ ነው።

በማግስቱ ለምሳ ስንሰለፍ ካቦ ደምሴ ከፊቴ ቆመና ደረቴን አየ።

«ይሄ ያበጠው ምንድነው?»

«ጨርቅ ነው።»

«ጨርቅ እንዲህ ያብጣል? ተልባ ነው! ረጥቦ ደግሞ ጨርቁን አሙለጭልጮታል፣ ይኸው ይታያል!»

ይህን ብሎ ያቺን ጆንያ መውጊያ ሰደድ አድርጎ በጫፏ ደረቴን ነካ። እንደ ጆንያ። ሊወጋኝ አልነበረም፤ ጨርቁን በሷ ስቦ ሊያወጣ ነው። ጨርቁ ወደቀ፤ ተልባ ከውስጡ አልፈሰሰም። የፈሰሰው ወተት ነው፤ በቀሚሴ ላይ፣ በብረቷም ላይ። ካቦ ብረቷን አየ፣ እኔን አየ፣ መሬቱን አየ። ሰውዬው ይቅርታ ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሱ ግን «እና ጨርቅ ነው አትይም ነበር?» አለ። ብዬዋለሁ እኮ!

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። አዴ ከዲጃ «ሂን ቦይን፣ አታልቅሺ» አለችኝና ጨርቁን አንስታ አራገፈችው። ከዚያ በሩን አልፋ ወጣች፤ ካቦም ሊፈትሻት እጁ አልተነሳለትም። መንገዱ መሃል ቆማ እልል አለች። የሠርግ እልልታ አይደለም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከቤት ቤት የሚሄድ እልልታ ነው። የአርሲ ሴት ስታገባ እናቷ ሲንቄ ትሰጣታለች፤ ቀጥ ያለች፣ በቅቤ የታሸች ዘንግ ናት። ሴት ልጅ ስትበደል፣ ይልቁንም ጡት የምታጠባ ስትነካ፣ አንዷ እልል ትልና የሰማችው ሁሉ ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች። ድስቱ እሳት ላይ ቢሆን ድስቱን ትታ፣ ላሟ ያልታለበች ብትሆን ላሟን ትታ፣ ልጁን ለባሏ ሰጥታ ትወጣለች። በደለኛው ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ። እነሱን ተሻግሮ የሚያልፍ ወንድ የለም፤ ካለም እናት የለውም ማለት ነው።

ሴቶቹ ከየጓሮው መምጣት ሲጀምሩ አንዷ እኔን አየችና ከዲጃን በኦሮምኛ «ይቺ አማራ አይደለችም እንዴ? ሲንቄ እንኳ የላትም» አለቻት።

ከዲጃ ያንን እርጥብ ጨርቅ አፍንጫዋ ስር አስጠጋችላት። «አሽትቺው» አለቻት፣ «ወተቱ በምን ቋንቋ ነው የሚሸተው?»

ሴትዮዋ አሸተተች፣ ሲንቄዋንም ይዛ ተቀመጠች።

አቶ በቀለ ከምሳ ሲመለስ በሩ በሴቶችና በዘንግ ታጥሯል። እሱ አሰላ ተወልዶ ያደገ፣ ኦሮምኛን እንደ ውሃ የሚጠጣ ነጋዴ ነው፤ ባርኔጣውን ከሩቁ አወለቀ። ያን ባርኔጣ ሲያወልቀው ያየሁት የዚያን ዕለት ብቻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እንኳ ሲያመነታ ነበር የማየው።

«ምን አድርገህ ነው?» አለው ካቦውን።

«ጌታዬ፣ ዱላ ይዘው ነው የመጡት! ፖሊስ ልጥራ?»

«ፖሊሱን ማን የወለደው ይመስልሃል?»

«ኧረ ተዋቸው ጌታዬ፣ ተልባ ቢንጫጫ በአንድ...»

«ዝም በል!» አለው አቶ በቀለ። «ሙቀጫውን የሚይዙት እነሱ ናቸው።»

ኤን ትሬው ሊጭን መጣ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ ሴቶቹ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ረዳቱ ወጉን የሚያውቅ የኢተያ ልጅ ነበርና ሳይታዘዝ ወርዶ ድንጋይ ከጎማው ስር አደረገና «እኔ እዚህ ውስጥ የለሁበትም» ብሎ ሻይ ቤት ገባ። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ከተማው ውስጥ ምግብ የሚያቀርብ ጠፋ። ወንዶቹ ልጅ ታቅፈው፣ ልጅ አዝለው፣ ልጅ እየጎተቱ መንገዱ ዳር ተሰለፉ። የታደሰን ጡት ሲጠይቁ የነበሩት ሁሉ ከነልጃቸው መጡ። ሬዲዮው ለማንም ሳይቀንስ ይጮሃል፤ የሚሰማው ግን የለም፤ የሚሰማው የሕፃን ለቅሶ ነው።

ከዚያ መሃል አንድ ጋሪ መጣ። ላዩ ላይ ታደሰ፣ የተሰበረ እግሩን ዘርግቶ፣ ብርቄን በጋቢው ጠቅልሎ። እልልታው እላይ ሰፈር ድረስ ደርሶ፣ ሰው ነግሮት፣ ጎረቤት ተሸክሞ ጋሪው ላይ አውጥቶት ነው። መውረድ አይችልም፤ ሴቶቹን አልፎም መምጣት አይችልም። ከጋሪው ላይ ብርቄን ሽቅብ አነሳትና «እንኩ! እኔ የምሰጣት የለኝም!» አለ። አንዷ ተቀበለቻት፤ ለሁለተኛዋ አቀበለቻት፤ ሁለተኛዋ ለሦስተኛዋ። ልጄ ከእጅ ወደ እጅ፣ በዘንጎቹ መሃል፣ እንደ ታቦት ታጅባ እኔ ዘንድ ደረሰች። ድምጿ ደክሞ ነበር፤ አፏ ጡቴን ሲያገኝ ግን ጉልበቷ የት ተደብቆ እንደቆየ እንጃ! ከዲጃ ከፊቴ ሲንቄዋን ቀጥ አድርጋ ቆመች። ብርቄ እስክትጠግብ ድረስ በዚያ አጥር ውስጥ ነፋስ እንኳ አልገባም።

ሽማግሌዎች ተጠሩ። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ጥዱ ስር ተቀመጡ፤ ካቦ ደምሴ ለምለም ሣር ይዞ ይቅርታ ጠየቀ፤ ብረቷንም ከእጁ ተቀበሉት። ሣሩን ይዞ ሲያጎነብስ ሳየው አዘንኩለት፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሰውንና ጆንያን የሚለይበት ቦታ ነው የጠፋበት። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ «አቶ በቀለ ጊደር ያምጣ፣ ትታረድ፣ ሴቶቹ ይብሉና ይታረቁ» ብለው ፈረዱ። እዚህ ላይ ነገሩ ተቆለፈ። ጊደሯን ማን ይረድ? እስላም ካረዳት የተበደልኩት እኔ አልበላም፤ ክርስቲያን ካረዳት የቆሙልኝ እነሱ አይበሉም። ሽማግሌዎቹ ጢማቸውን እያሹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ነገር በፊት አልገጠማቸውም፤ አንዱ «ሁለት ጊደር ይሁን» አለ፣ የአቶ በቀለ ፊት እንደ ተልባ ጠቆረ።

አዴ ከዲጃ ተነሳች። «ጊደሯ ትኑር» አለች። «ሥጋ ይለያየናል፤ ወተት አይለያየንም። እኛ የምንፈልገው የሚዛን ቤቱን ነው።»

የሚዛን ቤት ማለት ከመጋዘኑ ጎን በሳንቃ የተከለለች፣ ነፋስ የማይገባባት ትንሽ ክፍል ናት። ከዲጃ እያረፈች ተናገረች። የምታጠባ ሴት ልጇ በመጣ ሰዓት በሩ ይከፈትላት፤ እዚያ ክፍል ገብታ ታጥባ፤ እስክትመለስ ድረስ ደግሞ ጆንያዋን ረድፉ ይሞላላታል፣ ነገ ሌላዋ ስትወልድ እሷ ትሞላለች። ገበሬ ዛሬ የኔን አጭደን ነገ ያንተን ብሎ ወንፈል ይገባ የለም? እኛስ ብንገባ?

«እሺ፣ ሚዛኔንስ የት ላድርገው?» አለ አቶ በቀለ፤ ነጋዴ ነውና ሲሸነፍም ይከራከራል።

«ራስህ ላይ!» አለች ከኋላ አንዷ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ሣቅ ከመጣ እርቅ መጥቷል።

በማግስቱ ብርቄ በጋሪ መጣች። የጋሪው ባለቤት አሥር ሳንቲሙን አልቀበልም አለ፤ እናቱ ከሴቶቹ መሃል ነበረች። በር የሚከፍትልን ማን ሆነ ቢሉ፣ ካቦ ደምሴ! «ልጅ መጣ!» እያለ ይጮሃል፣ ረድፉም ሳይታዘዝ ሰፌዴን ወደ ራሱ ይስበዋል። ስመለስ ጆንያዬ ከተውኩት በላይ ሞልቶ የማገኝበት ቀን ነበር። ከኔ በኋላ ከረድፋችን ሎሚ የምትባለው ወለደች፣ ከሎሚ በኋላ ዘውዴ፤ የእኔም ተራ ደርሶ የስንቱን ጆንያ እንደሞላሁ እንጃ። ብርቄ ጉንጭ አወጣች። እኔም ከዚያች ክፍል ባዶ እጄን አልወጣሁም። ከሳንቃው ወዲያ አቶ በቀለና ደላሎቹ ተልባ ሲከራከሩ እሰማለሁ። ሳጉሬ ስንት እንደሆነ፣ አዲስ አበባ ስንት እንደገባ፣ ማን ሲምል እንደሚዋሽ፣ ማን ዝም ሲል እንደተስማማ። የምታጠባን ሴት ማንም ትሰማለች ብሎ አይጠረጥርም። ልጄ ወተት ስትጠባ እኔ ንግድ ጠባሁ። ዛሬ መጋዘን ያለኝ ሴትዮ ትምህርት ቤቴ የት ነበር ብባል የማሳየው ያቺን ሳንቃ ነበር፤ ፈርሳለች እንጂ።

ብርቄ ስታገባ አዴ ከዲጃ ዓይኗ ደክሞ፣ በሰው ተይዛ መጣች። በነጠላዋ የጠቀለለችውን ፈታች፤ በቅቤ የታሸች ሲንቄ። «እናትሽ የላትም፣ ስለዚህ እኔ ነኝ የምሰጥሽ» አለቻት። ወደ እኔም ዞረችና «እንዳትደገፋት ንገሪያት» አለችኝ። «ሲንቄ መደገፊያ አይደለም። ሲንቄ ቀጥ ብሎ የሚያዝ ነው።» ከዚያ ወዲህ ከቤታችን በር ጀርባ ቆማለች፤ ብርቄ በየዓመቱ ቅቤ ትቀባታለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን ወጥታ አታውቅም።

እና ያን ዕለት ሜሮን አጥብታ ስትጨርስ «ለአለቃሽ አትነግሪውም?» አልኳት። «ነገርኩት እኮ እማማ። ክፉ ሰው አይደለም፣ እናያለን አለኝ። ግን በስብሰባ መሃል ተነስቶ መውጣት ያሳፍራል፣ ቢሮውም ቦታ የለውም። ከዚህ በኋላ ጡጦ አስለምዳታለሁ፣ ምን ይደረግ» አለችና ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች። ሕፃኗ ጡጦውን ስትተፋው ከሳምንት በላይ ሆኗታል። በልጆች ሬሳ ያላለቀሰ ሰው «ትለምዳለች» ይላል።

በማግስቱ ጠዋት ከበሩ ጀርባ ያለችውን ሲንቄ አነሳኋት። ብርቄ አየችኝ። «እማዬ፣ ወግ አላት እኮ፤ ለራሷ ነገር ካልሆነ አትወጣም» አለች። «የምታጠባ ሴት ጉዳይ ነው፤ ይኸው ራሷ ነገሯ» አልኳት። እሷም ነጠላዬን አስተካከለችልኝ።

የሜሮን ቢሮ ከድሮው የአቶ በቀለ መጋዘን ብዙ አይርቅም። ጉልበቴ የከዳኝ ቆይቷል፤ እያነከስኩ፣ ዘንጓን ቀጥ አድርጌ ይዤ ደረስኩ። ጥበቃው ጎረምሳ ነው። «እማማ፣ ዱላ እያለዎት ለምን ያነክሳሉ? ይደገፉት እንጂ» አለኝ። «አይደገፉትም ልጄ» አልኩት። እሱም ትከሻውን ነቅንቆ ውስጥ ላከኝ።

ሥራ አስኪያጁ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ከረባት አድርጓል፣ ስልክ እያወራ ነበር። መጀመሪያ እኔን አየ። ቀጥሎ ዘንጓን አየ፤ እጄ ቀጥ አድርጎ እንደያዛት፣ እያነከስኩ እንዳልተደገፍኳት አየ። ስልኩን «ቆይ፣ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋው። ከወንበሩ ተነሳ። እናቱ የየት ሴት እንደሆነች ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም።

«እማማ፣ ይቀመጡ» አለኝ፤ ከዚያም በመስኮቱ በኩል ወደ መንገዱ አሻግሮ እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ። «ስንት ሆናችሁ ነው የመጣችሁት?»

«ለጊዜው» አልኩት፣ «ብቻዬን ነኝ።»